ዝናቡን እንጻፈው

ዝናብን በስም በኩል አማርኛ አልበደለውም። ፊትን ዳሰስ አድርጎ የሚያልፈው ካፊያ ነው። ጣራውን የሚደበድበው ዶፍ ነው። ነፋስ አጣሞ በበርና በመስኮት የሚያስገባው ወጨፎ ነው፤ ብርድ ይዞ በጎን የሚገርፈው ውሽንፍር ነው። ሲያቆምም ዝም ብሎ አያቆምም፤ ያባራል። ፀሐይ እያበራች ሲዘንብ እንኳ «ጅብ ወለደች» ብለን ነገሩን በተረት እንዘጋዋለን። ይህን ሁሉ ቃል ያከማቸ ሕዝብ ዝናብን አላስተዋለውም ማለት አይቻልም። አስተውሎታል፤ አስተውሎም ዘፍኖበታል፣ ጸልዮበታል፣ ተቀኝቶበታል።

ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ካቻምና በሚያዝያ ወር በእናንተ ደጅ ስንት ዘነበ?

«ስንት» የምትለዋን ቃል አትለፉብኝ። «ደህና ዘንቦ ነበር» ይባል ይሆናል። «ዘግይቶ ነበር እንጂ አልከፋም» የሚልም አይጠፋም። አዛውንቶች «የእንትና ልጅ የተዳረች ጊዜ እንደ ነበረው ነው» ይላሉ፤ ይህ መልካም መልስ ነው፤ ነገር ግን የዚያችን ልጅ ሠርግ ላልበላ ሰው አይሆነውም። ኑሮው በዝናብ ላይ የቆመ አገር ለዝናቡ ቅኔ አለው፤ መዝገብ ግን በየደጁ የለውም።

ዝናባችንን በጽሑፍ ሲቆጥር የኖረ ሌላ ነው። ካይሮ ላይ፣ በሮዳ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የዓባይ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሟል። በጉድጓዱ መካከል በክንድ የተከፋፈለ ዓምድ አለ። ውኃው ስንት ክንድ እንደ ደረሰ ይታይና የዓመቱ ግብር በዚያ ይተመናል። የግብፅ ጸሐፊዎች የወንዙን ከፍታ ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምረው መዝግበው አቆይተዋል። ያ ጎርፍ አብዛኛው የጎጃም፣ የወሎ፣ የወለጋ ክረምት ነው። የገዛ ሰማያችን ታሪክ ተጽፎ የሚገኘው በሰው አገር ድንጋይ ላይ ነው ማለት ነው። ኦሞ ደግሞ ይህም ዕድል አልገጠመው። ወደ ደቡብ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ሲገባ ከዳር ሆኖ ክንድ የሚቆጥርለት የግብር ሹም አልነበረም።

ኦሞን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ ኦሞና ወደ ዳውሮ የሚወርደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ቤሌን ያገኛታል። የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋውን ከኋላዋ፣ የኦሞን ሸለቆ ከፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። አንድ የዚያች ከተማ ልጅ የሆነ ወዳጅ አለኝ። ውጭ አገር የሚኖር ታላቅ ወንድሙ በሰው እጅ አንድ ሳጥን ላከለት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በቤት ደረጃ የሚሠራ ገመድ አልባ የአየር ሁኔታ መለኪያ ነው። ወዳጄ ግቢያቸው ውስጥ ተከለው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝና «ይኼ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ሲል ጠየቀኝ። «እናቴማ ተቀይመውታል» አለኝ። «‹በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ደመና ያሳያል፤ ዝናቡ ግን የለም፤ ውሸታም ዕቃ ነው› ይላሉ።»

የእናቱ ነቀፌታ ትክክል ነው። ለምን ትክክል እንደ ሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን ዕቃው በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ቁም ሣጥን ቢገባ ትልቅ ነገር ያመልጠናል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ሳጥን ሲከፈት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ደጅ የሚቆም ነው፤ በነፋስ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጽዋዎች፣ ነፋሱ ከየት እንደ መጣ የሚጠቁም ክንፍ፣ በነጭ ላስቲክ ሳህኖች የተከለለ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ፣ የዝናብ መቀበያ። ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ባለ መስኮት ሰሌዳ ነው፤ የአየር ግፊትን የሚለካው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በሬዲዮ ሞገድ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር ያህል ይሰማማሉ፤ የቆርቆሮ ጣራና ወፍራም ግድግዳ መካከላቸው ሲገባ ግን ያ መቶ በጣም ያጥራል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የዝናቡ ክፍል ነው። ላይ ሰፊ ታች ጠባብ የሆነ አፍ አለው። ከሥሩ ወዲያና ወዲህ የሚያጋድሉ ሁለት ትንንሽ ጽዋዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ሲሞላ በክብደቱ ያጋድልና ይደፋል፤ ሌላው ቦታውን ይይዛል። አንድ ማጋደል በብዙዎቹ ዕቃዎች 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ባጋደለ ቁጥር ትንሽ ማግኔት በአንዲት ማብሪያ ፊት ያልፋል፤ ማብሪያዋ ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ በአየር ላይ ወደ ቤት ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዶፍ ሲሆን ጽዋዎቹ ይቸኩላሉ፤ ሲጋደሉ በመካከል የሚያመልጣቸው ውኃ ስላለ ከእውነተኛው ጥቂት አሳንሰው ይቆጥራሉ።

አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ አንድ ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ሃምሳ ጀሪካን። ውኃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ለምትወጣ ሴት ይህ ሒሳብ ማብራሪያ አይሻም።

አተካከሉን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጣራ ላይ ነው። ለነፋሱ መለኪያ ከፍታ መልካም ነው፤ የሙያው ደንብም ነፋስ በ10 ሜትር ከፍታ ይለካ ይላል። ለሙቀቱ ግን ጣራ ጠላት ነው። ቆርቆሮ በቀትር የሚተፋውን ትኩሳት መለኪያው የሰማይ ሙቀት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ባለቤቱም ቤሌ ከበረሃ ብሳለች ብሎ ለዘመዱ ይነግራል። የሙቀት መለኪያ ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከሣር በላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ነው የሚያምርበት። የዝናቡ አፍ ደግሞ ከዛፍና ከቤት መሸሽ አለበት፤ 5 ሜትር ቁመት ካለው ባሕር ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር። አለዚያ የሚለካው ሰማይ የሰጠውን ሳይሆን ቅጠል ያስተረፈለትን ነው።

ደግነቱ የወላይታ የገጠር ቤት ይህን ቦታ ከጥንት አዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንሰቱ ከጀርባና ከጎን ነው፤ ከፊት ለፊት የሣር ደጅ አለ። መለኪያው የሚመኘው እሱን ነው። ችግሩ የሣር ደጁን ጥጃውም፣ ኳስ የሚጫወተው ልጅም፣ ለሽምግልና የመጣው እንግዳም ይመኘዋል። ስለዚህ እሾህ ያለው ትንሽ አጥር ያስፈልጋል፤ ለልጆቹም ደህና ማብራሪያ። ልጅ የተነገረውን ዕቃ ይጠብቃል፤ የተከለከለውን ግን ይነካል።

ከዕቃው ጋር የሚመጣ መመሪያ የተጻፈው ለሩቅ ሰሜን አገሮች መሆኑን አንርሳ። «የፀሐይ ብርሃን መቀበያውን ወደ ደቡብ አዙር» ይላል። ለለንደንና ለቶሮንቶ ይህ ሁልጊዜ ልክ ነው። ቤሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ናት። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በስተ ሰሜን በኩል ነው። ወላይታ ውስጥ በአንድ ግቢ ላይ ጥላ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አይወድቅም፤ ጎኑን ይለውጣል። ይህን እረኛ ያውቀዋል፤ መመሪያው አያውቀውም። መቀበያውን ጋደም አድርጎ ሰማዩን እንዲያይ መተው ይሻላል።

አሁን ወደ እናቲቱ ክስ እንመለስ።

በሰሌዳው ላይ የምትታየው ደመናና ፀሐይ ከየትም ሳተላይት አትመጣም። ዕቃው ያለው የራሱ የግፊት መለኪያ ብቻ ነው። ግፊት ሲወርድ ደመና ይሥላል፤ ሲወጣ ፀሐይ ይሥላል። ይህ ዘዴ ለአውሮጳና ለሰሜን አሜሪካ መልካም ነው፤ እዚያ ማዕበል የሚመጣው ግፊትን እያወረደ ስለ ሆነ። የደራሲው ጎይቴ ስም የተሰጠው ያ በብርጭቆ የተሠራ የግድግዳ መለኪያም በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ግን የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንደ ባሕር ሞገድ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይጎድላል፤ ማታ 4 ሰዓት ዳግም ይሞላል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ዳግም ይጎድላል። ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ይህ አይቀርም። ምስኪኑ ሰሌዳ ደግሞ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ግፊቱ ሲወርድ ያይና «ዝናብ መጣ!» ብሎ ይጮኻል። እናቲቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ አንዳች ትምህርት የደረሱበት ነገር የሳይንስ መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚያስረዱት ነው። እኔ ብሆን ያችን ደመና በወረቀት ቁራጭ እሸፍናታለሁ።

ነቢይነቱ ከተነሣ ምን ይቀራል? ጸሐፊነቱ ይቀራል። በነገሥታቱ ቤት ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ሰው ነበር፤ ነገ ምን እንደሚሆን አይጠየቅም፤ ዛሬ የሆነውን ግን ሳይጽፍ አያድርም። ይህን ዕቃ በዚያ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው።

«ያለፈ ዝናብ ቢጻፍ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ወላይታ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ፤ የክፉ ቀን ደራሽ የነበረው ስኳር ድንች ከሸፈ። ልጆች በሕክምና መመገቢያ ጣቢያዎች ደጅ ተሰለፉ። ዘግይቶ ጥቂት ሲዘንብ ምድሩ ለመለመ፤ በቆሎው አረንጓዴ ሆኖ ቆመ፤ ፍሬ ግን ገና አልያዘም። በመኪና ያለፈ እንግዳ «ይህ አገር ተራበ ትላላችሁ? እንዴት ነው እንዲህ የሚያምረው?» ይላል። ለዚህ ነው «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም የወጣለት። ደረቅ ረሃብ ራሱ ምስክር ነው፤ የተሰነጠቀ መሬት ፎቶግራፍ ይነሣል። አረንጓዴው ረሃብ ግን ምስክር የሌለው ነው። ልምላሜው በራሱ በተራበው ላይ ይመሰክርበታል።

የዝናብ ደብተር ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «መጋቢት ሙሉ የዘነበው በሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ድምሩም ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ነው፤ ያለፉት አምስት ዓመታት መጋቢት ግን ይህን ያህል ነበር» የሚል አንድ ገጽ፣ በግንቦት ወር ከሚታየው ልምላሜ በሁለት ወር ይቀድማል። ረሃብ በሆድ ከመግባቱ በፊት በወረቀት ይገባል። ዘር የበተነ ገበሬ ይህን በልቡ ያውቀዋል። ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ግን የገበሬ ልብ ሰነድ አይሆነውም፤ ቁጥር ይጠይቃል።

ቁጥር ደግሞ ገንዘብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ከፈረንሳዩ አክሳ ሬ ኩባንያ የመድን ውል ገዝቶ ነበር። ክፍያው የሚወሰነው በተራበ ሰው ብዛት አልነበረም፤ በ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በተለካ ዝናብ ነበር። ለዚህ ሁሉ ተራራና ሸለቆ ሃያ ስድስት! ያ ዓመት ዝናቡ ስላልከፋ ክፍያ አልተጠየቀም። በ2009 ደግሞ ትግራይ ውስጥ በአዲ ሃ ለገበሬዎች የተሸጠው የሰብል መድን ዝናቡን ከሳተላይት ነው ያነበበው። ሁለቱም ብልህ ሥራዎች ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ግን አስቡት፤ ሳተላይቱ ዘንቧል ብሎ በእርስዎ ማሳ ካልዘነበ፣ የሚከራከሩት ምን ይዘው ነው? «አልዘነበም» የሚል ቃል ይዘው? ወይስ በየጠዋቱ የተጻፈ ደብተር ይዘው? ደብተሩ መድን ሰጪውን ላያስገድድ ይችላል፤ ቢያንስ ግን ክርክሩን ያስጀምራል።

በወላይታ የዝናብ መለኪያ የለም እያልሁ አይደለም። አገሪቱ በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አቁማለች፤ ዛሬ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ሶዶም ጣቢያ አላት። ተመልካቾቹም በየጠዋቱ በ3 ሰዓት ወጥተው የሚለኩ የማይወራላቸው ሠራተኞች ናቸው። ነገር ግን ሶዶ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ በዳሞታ ተራራ ሥር ናት፤ ቤሌ ወደ ቆላው ወርዳለች፤ የኦሞ ዳር ደግሞ ከቤሌም ታች ነው። አንድ ደመና ዳሞታን አጥቦ ቤሌ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። እዚህ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ከወንዙ ወዲህ ሲዘንብ ከወንዙ ወዲያ አቧራ እንደሚነሣ ያውቃልና።

በአሜሪካ ፎርት ኮሊንስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1997 ይኸው ነገር ታይቷል። ከከተማዋ አንድ ወገን ከ350 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወርድ በሌላው ወገን የወረደው ከ50 እምብዛም አልራቀም። በጎርፉ አምስት ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነዋሪዎችን አሰባስበው ለእያንዳንዳቸው የላስቲክ የዝናብ መለኪያ ሰጡ፤ ዛሬ ያ የፈቃደኞች ማኅበር አገር አቀፍ ሆኗል። የእኛን ሐዘን ደግሞ ሁላችን እናስታውሰዋለን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እዚሁ ወላይታ ውስጥ በኪንዶ ዲዳዬ፣ ከቤሌ ጎረቤት ወረዳ፣ ሌላ ናዳ ከአሥር በላይ ሰዎችን ገደለ። አንድ መለኪያ ተራራ አያቆምም። ያ እርጥብ አፈር በተከታታይ ቀናት ስንት ውኃ እንደ ጠጣ የሚያውቅ ሰው በሠፈሩ ቢኖር ግን፣ ሕፃናቱን ለአንድ ሌሊት ከገደሉ ሥር ለማራቅ የሚበቃ ምክንያት ይኖረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

እዚያው አካባቢ በኦሞ ላይ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ቆሟል፤ 1870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። እሱ የሚገባለትን ውኃ ይቆጥራል፤ መቁጠሩም ግድ ነው። የሮዳው ነገር በሌላ መልክ እንደ ተደገመ አይታያችሁም? ውኃው ከታች ሲጠራቀም ቆጣሪ አለው፤ ከላይ ማሳው ላይ ሲወርድ የሚቆጥረው የለም።

እስቲ ተቃዋሚዎቼን ልስማ። አንዳንድ ሰው «ዝናብ የፈጣሪ ነው፤ መቁጠር ድፍረት ነው» ይላል። ይህን በንቀት አልመልስም። ግን ምስጋና የሚያቀርብ ሰው የተቀበለውን ቢያውቅ ምን ክፋት አለው? ሌላው «ሽማግሌዎች ያውቃሉ» ይላል። እውነት ነው፤ ያውቃሉ። ወላይታ የጊፋታን ዕለት የጨረቃን ዑደት በሚቆጥሩ አዋቂዎች ሲያስወስን የኖረ ሕዝብ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ መቁጠር እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሽማግሌው ነፋሱ ከየት ሲመጣ በልጉ እንደሚጠና፣ የትኛው ወፍ ሲጮኽ እንደሚዘራ ቢነግረን፣ ይህም በዚያው ደብተር ይጻፍ፤ ከቁጥሩ ጎን። ከዓሥር ዓመት በኋላ ሁለቱን የሚያስተያይ ልጅ ይመጣል። የሽማግሌውን ዕውቀት የሚያጠፋው መለኪያው ሳይሆን ሳይጻፍ መቀበሩ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ይከብዳል። «ይህ የባለጸጋ መጫወቻ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ፣ ሸረሪት ሲያደራበት፣ ሰሌዳው ሲወድቅ ያበቃለታል» ይላል። አብዛኛው ልክ ነው። ከነዚህ ዕቃዎች መካከል እንደ ዴቪስ ያለው ዕድሜ አለው፤ ዋጋው ግን የመምህር ደመወዝ አይነካውም። ርካሾቹ ጥቂት ዓመት ያገለግላሉ። ብዙዎቹም ያከማቹትን ቁጥር በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ማኖር ይወዳሉ፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ የቤሌ ዝናብ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባለ መለኪያው ወዳጄን የመከርሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዕቃው አጠገብ ተራ ባለ መስመር የላስቲክ የዝናብ መለኪያ ይትከል፤ ባትሪ የለው፣ ሞገድ የለው፣ አይሰለችም፤ ዶፍ ሲሆንም አያሳንስም። ሁለተኛ፣ ደብተር ይግዛ።

በደብተርና በቀላል ዕቃ ምን እንደሚሠራ ዓለም አይቶታል። የኮርያው ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1441 እና በ1442 አንድ ልክ ያላቸው የዝናብ መለኪያ ጣሳዎች አሠርቶ በየአውራጃው አከፋፍሏል፤ አንድ ጣሳና አንድ በትር፣ ሌላ ምንም የለውም። በእንግሊዝ ጆርጅ ሲመንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1860 ዝናብ ለኪ ፈቃደኞችን በደብዳቤ ማሰባሰብ ጀመረ፤ በ1900 ሲሞት ከሦስት ሺህ በላይ ነበሩ፤ ቄሶች፣ ሐኪሞች፣ አትክልተኞች፣ የቤት እመቤቶች። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ያን የጻፉት በቀን በአንድ መስመር ነው። የቀን ማስታወሻ መያዝ ለሚወድ ሰው አንድ መስመር ምን ሸክም አላት? ይህን የምለው ሥነ ጽሑፍ ለሚወዱ ወገኖቼ ነው። ስለ ክረምት ግጥም የጻፋችሁ፣ በየማስታወሻ ደብተራችሁ «ዛሬ ሲዘንብ ዋለ» ብላችሁ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ግማሹን ሥራ እኮ ሠርታችሁታል። ቀሪው ግማሽ ቁጥር ብቻ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። የዕቃው ሰሌዳ ቀን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው። የሌሊት ዶፍ ቢመጣ አንዱን ዝናብ ለሁለት ቀን ይከፍለዋል። የእኛ ቀን በንጋት የሚጀምር መሆኑ እዚህ ጠቀመን፤ እንደ ሚቲዎሮሎጂ ተመልካቾቹ ጠዋት በ3 ሰዓት ወጥቶ መለካት፣ የሃያ አራቱን ሰዓት በአንድ መስመር መጻፍ። ሰሌዳው ጳጉሜንን አያውቅም፤ ደብተሩ ግን ይወቃት። አምስቷ ቀን በእኛ አቆጣጠር ትጻፍ፣ ከጎኗም የፈረንጁ ቀን ይግባ፤ ኋላ የሚያስተያይ እንዳይቸገር። ያልዘነበበት ቀን ባዶ አይተው። ዜሮ ይጻፍበት። ባዶ መስመር «አልዘነበም» ይሁን «አልለካሁም» አይታወቅም፤ ዜሮ ግን ምስክርነት ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ አንዲት ዓምድ ለቃል ይቅር እላለሁ። 4 ሚሊ ሜትር በካፊያ ቀኑን ሙሉ ቢወርድ ለዘር በረከት ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር በሩብ ሰዓት ቢወርድ ቡቃያውን ያስተኛዋል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ዝናቡ ሁለት ነው። ያን ጊዜ ነው ካፊያ፣ ዶፍ፣ ወጨፎ፣ ውሽንፍር ያልናቸው ቃላት ከጌጥነት ወጥተው ሥራ የሚይዙት። በወላይትኛ ዝናብ «ኢራ» ነው። ለየዓይነቱ ስም ያለው ሰው በዚያው ስም ይጻፈው፤ ወደ አማርኛ አይመልሰው፤ ቃሉ ሲመለስ የሚፈስ ነገር ይኖራልና።

ወዳጄ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምቶ «ደብተሩን ማን ይጽፋል? እኔ እኮ ሳምንቱን ሶዶ ነኝ» አለኝ። እናቱ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም፤ በቤቱ ያለችው የእኅቱ ልጅ ግን ስድስተኛ ክፍል ናት። እሳቸው 3 ሰዓት መሆኑን ከጥላው ያውቃሉ፤ እሷ መስመሩን ታነባለች። ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ ያ ሰዓት የትምህርት ሰዓት ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን እሳቸው የላስቲኩን መለኪያ ውኃ ክዳን ወዳለው ጠርሙስ ገልብጠው ባዶውን ይመልሱታል፤ ልጅቱ ከትምህርት ስትመለስ ከጠርሙሱ ወደ ሌላ ባለ መስመር መለኪያ ገልብጣ ታነብባለች፤ አያቷ የዝናቡን ዓይነት ይነግሯታል። ተስማምተዋል አሉ። የቀረው የባትሪ ነገር ነው። ክረምት ሲጠና የፀሐይ መቀበያው ብዙ አይረዳም፤ ሁለት ድንጋይ ከሰኔ በፊት ተገዝቶ ይቀመጥ። ደብተሩ ደግሞ ጣራው ከሚያፈስበት ማዕዘን ይራቅ።